ፍላጎት ሲያድግ፣ ደስታ ሲያንስ፦ ስለ ሱስና ስለ ማዕዳችን ከአይጦች የምንማረው

(በሬዲዮ የቤተሰብ ዝግጅት ላይ የቀረበ ንግግር። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

 ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አድማጮቻችን፣ ዛሬ የምንነጋገረው በየቤታችን ስላለ ችግር ነው። በአንዱ ቤት አባት የስኳር በሽታ እንዳለባቸው ሐኪም ነግሯቸው፣ ጣፋጩን ግን መተው አቅቷቸዋል። በሌላው ቤት ወጣቱ ልጅ ጫቱን “ነገ አቆማለሁ” እያለ ዓመታት ተቆጥረዋል። በሦስተኛው ቤት ደግሞ ረመዷን በመጣ ቁጥር ቤተሰቡ ከጾሙ ወር ወፍሮ ይወጣል። ለእነዚህ ሰዎች ሁሉ የምንሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። “ወኔ የለህም” ወይም “ሆዳም ነህ” እንላቸዋለን። ለመሆኑ ይህ መልስ ትክክል ነውን? ትክክል ቢሆንስ ይጠቅማልን? ይህን ለመመለስ ሳይንቲስቶች ከሰባ ዓመታት በላይ በአይጦች፣ በጦጣዎችና በሌሎች እንስሳት ላይ ያደረጉትን ምርምር እንመለከታለን።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1954 በካናዳ ሞንትሪያል ከተማ፣ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ነው። ጄምስ ኦልድስና ፒተር ሚልነር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአይጦች አንጎል ውስጥ ቀጭን የኤሌክትሪክ ሽቦ እያስገቡ ያጠኑ ነበር። ከአይጦቹ በአንዷ ላይ ሽቦው ካልታሰበ ቦታ አረፈ። ይህች አይጥ በሳጥኑ ውስጥ ስትዘዋወር መጠነኛ የኤሌክትሪክ ንክኪ ያገኘችበትን ጥግ እየፈለገች ደጋግማ ትመለስ ጀመር። ተመራማሪዎቹ ነገሩ ገርሟቸው አይጦች ራሳቸው ኤሌክትሪኩን የሚለቁበት ትንሽ መጫኛ አዘጋጁላቸው። አይጦቹም መጫን ጀመሩ፤ ማቆምም አልቻሉም። በኋላ በተደረጉ ሙከራዎች በአንድ ሰዓት ውስጥ በሺህ ለሚቆጠር ጊዜ የተጫኑ ነበሩ። አጠገባቸው ምግብ ተቀምጦላቸው እየተራቡ መጫኛውን የመረጡም ታይተዋል።

በዚያን ጊዜ ብዙዎች “በአንጎል ውስጥ የደስታ ማዕከል ተገኘ!” አሉ። በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር በአንጎል ሕዋሳት መካከል መልእክት የሚያደርስ መሆኑን አሳየ። ለዚህ ሥራው በ2000 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ከአንጎል ግንድ ላይኛ ክፍል ተነስተው ወደ ፊተኛው የአንጎል ክፍል የሚዘልቁት ዶፓሚን አመንጪ ሕዋሳት በአይጦቹ ሩጫ ውስጥ ትልቅ ድርሻ እንዳላቸው ከታወቀ በኋላ፣ ዶፓሚን “የደስታ ኬሚካል” የሚል ስም ወጣለት። ይህ ስም እስከ ዛሬ በየጋዜጣው ይነበባል። ነገር ግን፣ ውድ አድማጮች፣ ስሙ ትክክል አይደለም። የዛሬው ንግግራችን ቁም ነገርም ያለው እዚህ ላይ ነው።

በአሜሪካ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ኬንት ቤሪጅ የአይጦችን ፊት ያጠና ነበር። ሕፃን ልጅ ጣፋጭ ሲቀምስ ከንፈሩን ይልሳል፤ መራራ ሲቀምስ ደግሞ አፉን ከፍቶ ፊቱን ያጨማድዳል። አይጥም እንዲሁ ታደርጋለች። ቤሪጅና ባልደረባው ቴሪ ሮቢንሰን በ1989 ባወጡት ጥናት ዶፓሚናቸው ከሞላ ጎደል እንዲጠፋ የተደረጉ አይጦችን መረመሩ። እነዚህ አይጦች ምግብ ፊታቸው ተቀምጦ አይበሉም። በቱቦ ካልተመገቡ በረሃብ ይሞታሉ። ነገር ግን ጣፋጭ ነገር አፋቸው ላይ ጠብ ሲደረግላቸው እንደ ጤነኛ አይጥ ከንፈራቸውን ይልሳሉ። ጣዕሙ አልጠፋባቸውም፤ የጠፋባቸው ተነስቶ ወደ ምግቡ የመሄድ ፍላጎት ነው።

በ1991 ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ታየ። የአንጎላቸው ክፍል በኤሌክትሪክ ሲነካካ አይጦች አብዝተው ይበላሉ፤ ፊታቸው ላይ ግን የደስታ ምልክት አልጨመረም። እንዲያውም የመጥላት ምልክት ያሳዩ ነበር። እየጠሉ በሉ ማለት ነው።

ከዚህ የምንረዳው ትልቅ ነገር አለ። መፈለግና መደሰት በአንጎል ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብዙውን ጊዜ አብረው ስለሚሄዱ አንድ ይመስሉናል። ዶፓሚን በዋናነት የሚያገለግለው ለመፈለግ ነው። በ1995 በሲያትል፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ ሪቻርድ ፓልሚተርና ባልደረቦቹ ዶፓሚን መሥራት የማይችሉ አይጦችን በዘረ መል ጥበብ አስወለዱ። አይጦቹ ተወልደው ጥቂት ሳምንታት እንደኖሩ ከቦታቸው መንቀሳቀስና መብላት አቆሙ። ዶፓሚንን የሚተካ መድኃኒት በየዕለቱ ሲሰጣቸው ግን በልተው አደሩ። እንግዲህ ይህ ንጥረ ነገር ለሕይወታችን የግድ የሚያስፈልግ የአላህ ጸጋ ነው። እርሱ ባይኖር ኖሮ ጠዋት ከአልጋ ለመነሳት እንኳ ምክንያት ባጣን ነበር።

ታዲያ ጸጋው እንዴት መከራ ይሆናል? ለዚህ ጥያቄ ፍንጭ የሚሰጠን የቮልፍራም ሹልትዝ ጥናት ነው። ሹልትዝ በስዊዘርላንድ ሳለ የጦጣዎችን ዶፓሚን አመንጪ ሕዋሳት አንድ በአንድ ይከታተል ነበር። ጦጣዋ ሳታስበው የጭማቂ ጠብታ ስታገኝ ሕዋሳቱ በኃይል ይሠራሉ። ከጭማቂው በፊት መብራት እየበራ ሲለመድ ግን ሕዋሳቱ ለጭማቂው መነሳሳታቸውን ትተው ለመብራቱ ይነሳሳሉ። መብራቱ በርቶ ጭማቂው ከቀረ ደግሞ ከወትሯቸው በታች ጸጥ ይላሉ። ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በ1997 ባሳተመው ጽሑፍ ይህ የመማር ምልክት መሆኑ ተብራራ፤ አንጎል ካሰበው በላይ ሲያገኝ ይነሳሳል፣ ካሰበው በታች ሲያገኝ ይቀዘቅዛል፣ ልክ ያሰበውን ሲያገኝ ግን አዲስ ነገር አይሰማውም።

ይህን ወደ ቤታችን እናምጣው። ፍላጎቱ ከዕቃው ወደ ምልክቱ ይሄዳል። ሲጋራ ያቆመ ሰው ቡና ሲፈላ ሲጋራው ትዝ የሚለው፣ ጫት የተወ ሰው የጓደኞቹን መቀመጫ ሲያይ ልቡ የሚሸፍተው ለዚህ ነው። በ2001 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው ከኮኬይን በተለዩ አይጦች ላይ ምልክቱ የሚቀሰቅሰው ፍላጎት ወዲያው አልቀነሰም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት እየጨመረ ሄደ። ስለዚህ አንድ ወንድማችን ከሱስ በተለየ በሁለተኛው ወር “ሐራራው ባሰብኝ” ቢለን ውሸቱን ነው ብለን አንቸኩል።

አሁን ወደ ምግብ እንለፍ። በ1976 በኒው ዮርክ፣ በብሩክሊን ኮሌጅ፣ አንቶኒ ስክላፋኒ ለአይጦች ከሱቅ የተገዙ ብስኩት፣ ቸኮላት፣ አይብ፣ የለውዝ ቅቤ፣ ሙዝና የመሳሰሉትን አቀረበላቸው። የተለመደውን የቤተ ሙከራ መኖ ብቻ የሚበሉት አይጦች ክብደታቸውን በመጠኑ ሲጨምሩ፣ እነዚህኞቹ በሁለት ወር ውስጥ እጅግ ወፈሩ። ማንም አላስገደዳቸውም፤ ማዕዱ ብቻ ነው የተቀየረው።

በ2010 ደግሞ በፍሎሪዳ ፖል ጆንሰንና ፖል ኬኒ ከዚህ አልፈው ሄዱ። አይጦችን በሦስት መደቡ። አንዱ ቡድን መኖ ብቻ ይበላል። ሁለተኛው ኬክ፣ ቋሊማና ቸኮላት በቀን ለአንድ ሰዓት ያገኛል። ሦስተኛው እነዚህን ምግቦች ከ18 እስከ 23 ሰዓት እንደልቡ ያገኛል። ከ40 ቀናት በኋላ የሦስተኛው ቡድን አይጦች ከመጠን በላይ ወፍረው ነበር። ነገር ግን ከውፍረቱ ይልቅ የሚያስደነግጠው አንጎላቸው ነው። ቀድሞ ያነሳሳቸው የነበረው የኤሌክትሪክ መጠን አሁን አላነሳሳቸውም፤ ከዚያ የበረታ ያስፈልጋቸው ጀመር። ዶፓሚንን ከሚቀበሉት የአንጎል በሮች አንዱ ዓይነት፣ ዲ-ሁለት የሚባለው፣ ቀንሶ ተገኘ። እግራቸውን ኤሌክትሪክ እንደሚመታቸው የሚያስጠነቅቅ መብራት ሲበራ ሌሎቹ አይጦች መብላት ሲያቆሙ እነዚህ መብላታቸውን ቀጠሉ። ጣፋጩ ከተወሰደባቸው ከሁለት ሳምንት በኋላም የአንጎላቸው መፍዘዝ አልተስተካከለም።

እዚህ ላይ አንድ አድማጭ “እንስሳን እንዲህ ማሠቃየት ርኅራኄ ነውን?” ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዛሬ በብዙ አገሮች እንዲህ ያለ ሙከራ የሚካሄደው ሥቃዩ የሚቀነስበትን መንገድ የሚመረምር ኮሚቴ ሲፈቅድ ነው። የእኛ ድርሻ ግን እነዚህ ፍጥረታት በከፈሉት ዋጋ የተገኘውን ትምህርት በከንቱ አለማሳለፍ ነው።

ሌላም ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። አይጥ ሰው አይደለችም። አይጥ ኒያ የላትም፤ ነገዋን አታስብም፤ ለልጆቿ ስትል ጣፋጭ አትተውም። በእንግሊዝ ካምብሪጅ የሚገኙ ተመራማሪዎች በ2012ና በ2016 ባሳተሟቸው ግምገማዎች ላይ “ስኳር እንደ ዕፅ ሱስ ያስይዛል” የሚለው አባባል በሰው ላይ በቂ ማስረጃ እንዳልቀረበለት ተናግረዋል። ስለዚህ “ስኳርና ሄሮይን አንድ ናቸው” እያሉ ሰውን ማስፈራራት ተገቢ አይደለም። በሰው ላይ በደንብ የተረጋገጠው ሌላ ነገር ነው። በ2019 በአሜሪካ ኬቪን ሆልና ባልደረቦቹ 20 ሰዎችን በምርምር ሆስፒታል አስቀምጠው ለሁለት ሳምንት በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ብዙም ያልተነካካ ምግብ እንደልባቸው እንዲበሉ አደረጉ። በፋብሪካው ምግብ ጊዜ ሰዎቹ በቀን 500 ያህል ካሎሪ አስበልጠው በሉ፤ ክብደትም ጨመሩ። ሰዎቹ ያው ነበሩ። ወኔያቸውም ያው ነበር። የተለወጠው የቀረበላቸው ሳህን ነው።

እንግዲህ ስለ ኢፍጣር ማዕዳችን የሚናገር አንድ ሙከራ ላውሳ። በአሜሪካ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ባርትሊ ሆብልና ተማሪዎቹ አይጦችን በየቀኑ ለ12 ሰዓት ያስርቡና ለቀጣዮቹ 12 ሰዓታት ከመኖው ጋር የስኳር ውኃ ይሰጧቸው ነበር። በአንዳንዶቹ ሙከራዎች የስኳሩ መጠን ከመቶ 10 ነበር። ይህም በገበያ ላይ ካሉ ለስላሳ መጠጦች ጋር የሚቀራረብ ነው። አይጦቹ ስኳሩ እንደቀረበ ባንድ ጊዜ አብዝተው መጠጣትን ለመዱ። በየቀኑም ዶፓሚናቸው ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን ይፈስ ነበር፤ ለተለመደ ምግብ ግን ይህ አይሆንም። ከሱስ የመለየት ምልክቶችን የሚቀሰቅስ መድኃኒት ሲሰጣቸው ጥርሳቸው ተንገጫገጨ፣ እግራቸው ተንቀጠቀጠ።

ነገር ግን ልብ እንበል! ተርበው መኖ ብቻ የተሰጣቸው አይጦች እንዲህ አልሆኑም። ሳይራቡ ስኳር በየሰዓቱ ያገኙትም እንዲህ አልሆኑም። ችግሩ የመጣው ረሃቡና የስኳሩ ጎርፍ ሲገናኙ ነው። እንግዲህ ጥፋቱ የረሃቡ ብቻ አልነበረም ማለት ነው። እኛስ ከመግሪብ አዛን በኋላ ምን እናደርጋለን? ቴምሩ ሳይዋጥ ለስላሳው ይከፈታል፤ ሳምቡሳው በሙሸበክ፣ ሙሸበኩ በጭማቂ ይታጀባል። አይጦቹ ላይ የታየው በሰው ላይ እንዳለ ይደገማል ባንልም፣ ባዶ ሆድን በስኳር ማጥለቅለቅ እንደማይበጅ ለመረዳት ይህ ይበቃል። በተለይ የስኳር በሽታ ያለባቸው ቤተሰቦቻችን ከረመዷን አስቀድመው ሐኪማቸውን ያማክሩ።

የተወረሰው ልማዳችን ከዚህ እጅግ የተሻለ ነው። በጥቂት ቴምርና በውኃ ማፍጠር፣ ወደ ሶላት መነሳት፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ማዕድ መቅረብ። ሆድ መጥገቡን ለአንጎል እስኪያስታውቅ ደቂቃዎች ይፈጅበታል። ሶላቱ ለአላህ ነው፤ ነገር ግን ያ የእረፍት ጊዜ ለሆዳችንም ዕድል ይሰጠዋል። ሆድን በሦስት ስለመክፈል የተነገረውንም ምክር ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል።

ከምግብ ወደ ጫት እንሻገር። የሸሪዓ ብይኑን ለዑለማኦቻችን ትተን ስለ ቅጠሉ ብቻ እንነጋገር። በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ከእርጥብ የጫት ቅጠል ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር ተለይቶ ወጣ። ካቲኖን አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ ዕፅ ጋር የሚመሳሰል ሲሆን፣ በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን እንዲለቀቅ ያደርጋል። ጦጣዎችም በሙከራ ላይ መጫኛ እየተጫኑ ካቲኖንን በደም ሥራቸው ወስደዋል። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖኑ ደካማ ወደ ሆነ ሌላ ንጥረ ነገር ይለወጣል። ጫት በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ገና በእርጥቡ ወደ ገበያ የሚጣደፈው ለዚህ ነው።

ቋንቋችን ይህን ሁሉ ከሳይንቲስቶቹ ቀድሞ አውቆታል። ምርቃና አንድ ነው፤ ሐራራ ሌላ ነው። ብዙ ዓመት የቃመ ሰው “ምርቃናው እንኳ እንደ ድሮው የለም፤ ሐራራው ነው የሚያስገዛኝ” ይላል። ቤሪጅ በአይጥ ፊት ላይ ያነበበው ይህንኑ ነው። ደስታው አንሶ ፍላጎቱ አድጓል። ስለዚህ ሱሰኛው “ተድላ ፈላጊ” እየተባለ ሲሰደብ ስድቡ ዒላማውን ይስታል። ብዙውን ጊዜ ተድላው ካለፈ ቆይቷል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሦስት ነገሮችን እንመልከት።

አንደኛ፣ ሁሉም ሰው አንድ አይደለም። በ2004 በፈረንሳይ ቦርዶ በተደረገ ጥናት ለሦስት ወር ያህል ኮኬይን ካገኙት አይጦች መካከል የሱሰኛ ጠባይ ሙሉ በሙሉ ያሳዩት ከመቶ 17 ብቻ ነበሩ። ስለዚህ “እኔ በአንድ ቀን ትቼዋለሁ፤ አንተ ለምን ያቅትሃል?” ማለት ፍትሕ አይደለም። ያንተ አንጎልና የወንድምህ አንጎል እኩል አልተፈተኑም።

ሁለተኛ፣ ዙሪያውን ማስተካከል ከመገሠጽ ይበልጣል። ፍላጎት በምልክት የሚቀሰቀስ ከሆነ ምልክቱን ከዓይን ማራቅ የብልህ ሥራ ነው። ለስላሳው ፍሪጅ ውስጥ ሳይገባ በፊት፣ ገበያ ላይ እንዳለ ነው የሚተወው። አባት የስኳር ሕመምተኛ ሆነው ልጆች ፊታቸው ኬክ የሚቆርሱበት ቤት፣ አባትን በየቀኑ ለጦርነት የሚያስነሳ ቤት ነው። ልጅ ጫት እንዲያቆም የሚፈልግ ቤተሰብም ከሰዓት በኋላ ያለውን ባዶ ሰዓት የሚሞላበት ሥራ፣ ትምህርት ወይም የመስጂድ ጓደኛ ቢፈልግለት ይሻላል።

ሦስተኛውና ትልቁ፣ ብቻውን አለመተው ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ካናዳዊው ብሩስ አሌክሳንደር በጠባብ ሳጥን ለየብቻ የታሠሩ አይጦች በሰፊ ቦታ አብረው ከሚኖሩት ይልቅ ሞርፊን አብዝተው እንደሚጠጡ አሳየ። ሙከራውን ከደገሙት መካከል ሁሉም ተመሳሳይ ውጤት አላገኙም። ነገር ግን በ2018 በአሜሪካ ማርኮ ቬኒሮ፣ ያቩዝ ሻሃምና ባልደረቦቻቸው የላቀ ማስረጃ አቀረቡ። ዕፅ የለመዱ አይጦች በሁለት መጫኛዎች መካከል እንዲመርጡ ተደረገ። አንዱ ዕፁን ይሰጣል፤ ሌላው ከሌላ አይጥ ጋር ለአጭር ጊዜ የሚያገናኝ በር ይከፍታል። አይጦቹ በሩን መረጡ። ሱሱ የጠናባቸው እንኳ በሩን መረጡ። ይህ ጥበቃ የደከመው መቼ ነው? በሩ ሲዘገይ፣ ወይም ወደ ባልንጀራ መሄድ ቅጣት ሲያስከትል ነው።

ውድ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች! ይህን ደጋግመን ብናስበው ምንኛ በጠቀመን። ልጃችን አምሽቶ ሲመጣ በሩን ዘግተንበት ቢሆንስ? ሲገባም ሰላምታችን ስድብ ቢሆንስ? በሩን አዘገየን፤ መግባቱንም ቅጣት አደረግንበት ማለት ነው። ይህን ስል ጥፋቱን እንሸፋፍን፣ ገንዘብ እንስጠው ማለቴ አይደለም። አላህ ለሰው ልጅ የሰጠው አእምሮ አለ፤ ተጠያቂነትም አለ። ነገር ግን ጥፋቱን እየተቃወምን ልጁን ማቀፍ እንችላለን። “ይህን ነገር በቤቴ አልፈቅድም፤ አንተን ግን እራት ላይ እጠብቅሃለሁ” ማለት ይቻላል። ሱሱ የጠናበትንም ወደ ሐኪም አብረነው እንሂድ፤ ሕክምና መፈለግ ነውር አይደለም።

አባት ስኳሩን ሲተዉ ቤተሰቡ አብሯቸው ይተው። ልጅ ጫቱን ሲተው ቤተሰቡ ከሰዓት በኋላውን አብሮት ያሳልፍ። ሐራራው በሁለተኛው ወር ቢጠናበትም ተስፋ አንቁረጥ፤ እርሱም ተስፋ እንዳይቆርጥ እንርዳው። ለወደቀም ሰው የመመለሻው በር ክፍት ይሁን።

አላህ ከሰጠን ጸጋ በልኩ የምንጠቀም፣ በፈተና ላይ ላሉ ወገኖቻችንም ማረፊያ የምንሆን ያድርገን። አሚን።